አባቴ ሞራዬን ያዩበት ቀን

ሆዴን ሁለት ጊዜ አምኜው ሁለቴም አታሎኛል። የመጀመሪያው ጊዜ ሲነፋ "ወፈርኩ" አልኩ። ጀውሃ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት አለኝ፤ ደንበኞቼ የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። ባለቤቲቱ ከወፈረች ምግቧ ጥሩ ነው ማለት ነው ብዬ በቀልድ አለፍኩት። ሾፌሮቹም አላረፉም፤ "ዘሐራ፣ መንታ ነው እንዴ?" ይሉኛል፤ እኔም "ያንተ አይደለም፣ አትደንግጥ" እላቸዋለሁ። አርባ አራት ዓመቴ ነበር፤ ባሌን ከቀበርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ሳቁ ሲያልቅ ግን ቀሚሴ ወገቤ ላይ አልዘጋ ይላል።

በኋላ አዲስ አበባ ወሰዱኝ። ኦቫሪ በሚባለው፣ የሴት እንቁላል በሚቀመጥበት ቦታ የተነሳ ካንሰር ነው አሉኝ። ኦፕራሲዮን ሆንኩ፣ ኬሞ ወሰድኩ፣ ጸጉሬ ረገፈ፣ ሆዴም ሟሸሸ። ጸጉሬ ተመልሶ ሲበቅል ድሮ ያልነበረ ጥቅልል ይዞ መጣ። እህቴ ሰአዳ "ኮረዳ መሰልሽ" እያለች አሾፈችብኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ወደ ድስቴ ተመለስኩ።

ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ሆዴ እንደገና መነፋት ጀመረ። አሁን እንኳ "ጨጓራ ነው" ብዬ ሁለት ወር ዘገየሁ። ያው መድኃኒት እንደገና ተሰጠኝ፤ በዚህኛው ዙር ግን ጸጉሬን ብቻ አርግፎ በሽታዬን ሳይነካ አለፈ። እዚህ ድረስ ያለውን በአጭሩ የቆረጥኩት ልነግራችሁ የተነሳሁት ሌላ ስለሆነ ነው። የምነግራችሁ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ያለፉትን ቀናት፣ በተለይም ቅዳሜን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪሟ ፊት ተቀምጫለሁ። ወጣት ናት፤ ስታወራ ሰው አታጣድፍም፤ ያን ቀን ግን ዓይኗ ከወረቀቱ ላይ አልነሳ አለ። ሲቲ ስካን የተነሳሁበትን ፊልም መብራት ላይ ሰቀለች።

"መድኃኒቱ አልሠራልንም፣ እትዬ ዘሐራ" አለችኝ።

ባለፈው ሠርቶ አልነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ያኔ በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ጊዜ ንጹሕ መስሎ ስለታየ ከፊሉን ሳያወጡ ትተውት የነበረ ቦታ እንዳለ ነገረችኝ። አሁን በሽታው እዚያ ተቀምጧል። በጣቷ የፊልሙን መሐል ከበበችና "ሞራዎ ላይ ነው ያለው" አለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገረች። ወረቀት ላይ ሥዕል እየሳለች አስረዳችኝ፤ ሰኞ ተኝቼ እንድገባ ቀጠረችኝ፤ ሞራውን ያወጡታል፣ ቀጥሎ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይሰጡኛል። እኔ "እሺ፣ እሺ" እላለሁ። ልቤ ግን ያቺን አንዲት ቃል ሲሰማ በሩን ዘግቶ ቁጭ ብሏል።

ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። አባቴ ጋሼ ይማም ሞራ ገላጭ ነበሩ። የታረደ በግ ወይም በሬ ሆድ ዕቃ ላይ የሚጋረደውን ስስ ስብ ሳይቀደድ ያወጡና በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ፀሐይ ይይዙታል። በስቡ ውስጥ የሚሄዱትን ቀጫጭን ሥሮች መንገድ ይሏቸዋል፤ የረጋች ነጠብጣብ ካለች መቃብር ናት። ዝናቡን፣ ሠርጉን፣ የሄደው ሰው መመለስ አለመመለሱን ከዚያ ያያሉ። ከካራቆሬ ድረስ ሰው ይመጣባቸው ነበር። በእኛ ቤት "ሞራው ላይ ነው" ማለት "ተጽፏል፣ አለቀ" ማለት ነው። እንግዲህ እኔ ምግብ ቤት ውስጥ ሞራ ሳቀልጥ የኖርኩ ሴት፣ ሞራ ስብ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ሐኪሟ ያንን ስትናገር የሰማኋት በአባቴ ቤት ጆሮ ነው።

በሚኒባስ ስመለስ ጣርማ በር ላይ ደመና ነበር። መኪናው ወደ ቆላ መውረድ ሲጀምር ጆሮዬ ተደፈነ፤ ብርዱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝና የሸዋ ሮቢት ሙቀት በመስኮቱ ገባ። በሽታው ሆዴ ውስጥ ያጠራቀመው ውኃ በየመታጠፊያው ይንገዋለላል። ተኝቻለሁ አልልም፣ ነቅቻለሁም አልልም። ማሾ የሚባለው ጥራጥሬ የተዘራበትን ማሳ አየዋለሁ፤ ማሳው መሐል ደግሞ አንድ ሰፊ ነጭ ነገር ተዘርግቶ ፀሐይ በውስጡ ታበራለች፣ እኔም ከሥሩ ሆኜ ቀና ብዬ አየዋለሁ። ሰው ሲሞት እንዲህ ከሆነ ብዙም አያስፈራም ብዬ አሰብኩ። በዚያ ሰዓት የእውነት አልፈራሁም፤ ያ ነው በኋላ ያስፈራኝ።

ዓርብ ለሰአዳ ሰኞ እንደማልሄድ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠችና "ምን አልሽ?" አለችኝ። ተጽፎ ያለቀን ነገር በቢላዋ መፋቅ ምን ይጠቅማል አልኳት። አለቀሰች፤ ተቆጣች፤ ሽንኩርቱ ነው እያለች እንደገና አለቀሰች። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ ቅዳሜ በግ ይዤ ወደ አባቴ እወጣለሁ፤ ሞራውን በስሜ ያዩልኛል። መንገድ ካለኝ ሰኞ እሄዳለሁ፤ ከሌለኝ ማንም እንዳይነዘንዘኝ። ሰአዳ "ሽርክ ነው፣ ከአላህ ሌላ ማመን ነው፤ አባዬም ከተዉት ቆይተዋል፣ እምቢ ይሉሻል" አለች። እምቢ እንደሚሉኝ ተስፋ አድርጋ እንደሆነ ያስታውቅባታል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ባጃጅ ተኮናትሬ ወጣሁ። በጉን ኋላ ከእኔ ጋር ጫንነው፤ ሆዴና በጉ ቦታ ሲሻሙ ባለ ባጃጁ በመስታወት እያየ ሳቁን ዋጠ። ሳቅ አልኩት፤ ሳቀ። የአባቴ ቤት ከጀውሃ በላይ ተዳፋቱ ላይ ነው። ከታች ማሽላውና ማሾው ይታያል፣ አስፋልቱ በሙቀቱ ውስጥ ውኃ መስሎ ይርገበገባል፣ ሲኖትራኮቹ በዚያ ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ደጃፋቸው ላይ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ። እዚያ ሥር ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። ዓይናቸው ገመዱ ላይ አልነበረም፤ ጣቶቻቸው ብቻ ይሄዳሉ።

"አሰላሙ አለይኩም አባዬ" አልኩ።

"ወአለይኩም ሰላም። ዘሐራ ነሽ? ድምፅሽ ምነው ከሩቅ መጣ?"

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። በጉ "ባ" ሲል ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ፤ እጃቸውን ሰደው ጀርባውን ዳሰሱና "ጥሩ በግ ነው፣ ምን ሊሆን ነው?" አሉ። ሞራዬን ያዩልኝ እንደሆነ ብዬ ነው አልኳቸው። ገመዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ትቼዋለሁ አሉኝ፤ አውቃለሁ አልኩ። እኛ ሁላችን የመስጊዱ ሸህ መክረዋቸው የተዉት ነበር የሚመስለን።

"ማነው ሞራሽ ላይ ነው ያለሽ?" አሉኝ፤ ሰአዳ ስልክ ደውላ ነግራቸዋለች ለካ።

"ሐኪሟ ናት።"

"ሞራ ታውቃለች?"

"የሰው ሞራ ታውቃለች፣ አባዬ።"

"በይ ያለችሽን ንገሪኝ። አንድ እንኳ እንዳታስቀሪ።"

አልሰማሁም ብዬ ነበር። ግን ጆሮዬ ሳላዘው ሁሉንም ይዞ ኖሯል፤ ማንጎው ሥር ስናገር እኔው ራሴ ተገረምኩ። እንዲህ ብላኛለች፦ በሽታው ብቻውን አይኖርም፣ ሰፈር ይመሠርታል። ሆዴ ውስጥ በተጠራቀመው ውኃ እየተንሳፈፈ ሄዶ ሞራዬ ላይ አረፈ፤ ሞራ ስብ ስለሆነ ቀለብ ሆነው። ቀጥሎ ጎረቤቱን አባበለ። ሰውነቴን እንዲጠግኑ የተፈጠሩት ሕዋሶች ለእርሱ ክር እየፈተሉ አጥር ሠሩለት። ባዕድ ሲመጣ እንዲዋጉ የተቀመጡት ጠባቂዎች ከእርሱ ጋር ተላምደው አንቀላፉ፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ አገልጋዮቹ ሆኑ። የራሱን የደም ሥር ወደ ራሱ ዘረጋ። መድኃኒቱ ሲመጣ ሰፈሩ ይሸፍነዋል፤ ገብቶ የነካውንም ሰፈሩ መልሶ ይጠግነዋል። ስለዚህ በሽታውን ብቻ መምታት አይበቃም፣ የተቀመጠበትንም ማንሳት ያስፈልጋል። ሞራውን ያወጣሉ፤ ከዚያ ሌላ መድኃኒት፣ አዲስ የደም ሥር እንዳይዘረጋ ከሚያግድ ጋር ይሰጣሉ። ሐኪሟ "አድንዎታለሁ ብዬ አልምልልዎትም፤ ጊዜ ልናገኝ እንችላለን" ብላኛለች።

አባቴ ገመዱን አንስተው እንደገና መገመድ ጀመሩ። "እንደ አቀንጭራ ነዋ" አሉ በመጨረሻ። አቀንጭራ የማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚያደርቅ አረም ነው፤ ከላይ ሲነቅሉት ዘሩ መሬት ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። "ነቅዬ ነቅዬ ሲደክመኝ ነው ማሽላውን ትቼ እዚያ ማሳ ላይ ማሾ የዘራሁት። መሬቱ ለእርሱ እንዳይመቸው ብዬ።"

ሙቀቱ እየከበደ መጣ። የማንጎው ቅጠል አይነቃነቅም፤ በጉ ተኝቶ ያመነዥካል። ትንሽ ሸለብ አደረገኝ መሰለኝ። ድምፃቸው ሲመጣ ስለ እናቴ እያወሩ ነበር፤ ከየት እንደጀመሩ አላወቅኩም።

"ሆዷ ያበጠ ጊዜ ውኃ ነው አሉ። የሰው ዓይን ነው ያሉም ነበሩ። ታላቅ ወንድምሽ ደሴ ሆስፒታል እንውሰዳት አለ። እኔ በግ አረድኩ። ዓይኔ ያኔ ጥሩ ነው፤ በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገባ ነበር። ሞራውን ፀሐይ ላይ ይዤ አየሁት። ንጹሕ ነው። ነጠብጣብ የለም፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ትድናለች፣ ማንም እንዳይወስዳት አልኩ። ሰው ሁሉ አመነኝ፤ እርሷም አመነችኝ። ስትሞት ሸህ አልነበሩም ያስተዉኝ፣ እርሷ ናት።"

ሃያ ዓመት ያልሰማሁትን ነገር ነው የነገሩኝ። እናቴ በምን ሞተች ብሎ የጠየቀኝን ሁሉ "በውኃ" ስል ኖሬያለሁ። ሐኪሟም መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ በሽታ የያዘው አለ ወይ ስትለኝ የለም ብያታለሁ። አባቴን ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ማንጎው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ ቅጣታቸውን ብቻቸውን ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው። እጃቸውን ያዝኩት።

"ያቺ ሐኪም ወረቀት አልሰጠችሽም?" አሉኝ።

ፊልሙን በፌስታል ይዤው ነበር፤ የትም ስሄድ እይዘዋለሁ፤ አውጥቼ ግን አይቼው አላውቅም። አወጣሁላቸው። እጃቸው ትንሽ ፈለገና ጠርዙን ያዘ። ተነሱ፣ ከጥላው ወጡ፣ እንደ ድሮው በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ፀሐይ ያዙት። ፊደሎቹ ተገልብጠው አየሁ፤ ገልብጠው ነው የያዙት። የሞያው ወግ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላረምኳቸውም።

እኔም ተነስቼ ከጎናቸው ቆምኩ። የራሴ ሆድ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በውስጡ ፀሐይዋ ትታያለች፤ ከፀሐይዋ በታች አስፋልቱና የሚንሳፈፉት መኪናዎች አሉ። ሐሙስ በሚኒባሱ ውስጥ ያየሁት ያ ነጭ ነገር ትዝ አለኝ። ከሥሩ ቆሜ ቀና ብዬ እያየሁት ነው። ልቤ ያን ጊዜ በጣም ፈራ፤ መፍራቴም ደስ አለኝ።

"መንገዱ የት ነው? ጣቴን ውሰጂና አሳዪኝ" አሉ።

የአመልካች ጣታቸውን ይዤ አንዷ ቀጭን መስመር ላይ አስቀመጥኩት።

"ወዴት ይሄዳል?"

"እንጃ አባዬ።"

"እንጃ አትበይ፣ እዪው።"

አየሁት። የጣታቸውን ጥፍር እየገፋሁ መስመሩን ተከተልኩ። ወደ ጎን ሄደ፣ ታጠፈ፣ ሌሎች ነጫጭ ነገሮች መሐል ገባ፣ ወጣ። ፊልሙ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ተቆረጠ።

"እዚህ ጋ አቆመ" አልኩ።

"አለቀ ወይስ ወረቀቱ ነው ያለቀው?"

ደግሜ አየሁት። "ወረቀቱ ነው ያለቀው" አልኩ።

ፊልሙን ወደ ታች አወረዱት። አጥፈው ሊሰጡኝ ሲሉ እንዳይታጠፍ ቀማኋቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሞራ ሳይ የታረደ ነው ያየሁት። የታረደ ነገር አይጨምር፣ አይቀንስ፤ ለዚያ ነው ተጽፏል የምንለው። ያንቺው ገና ይንቀሳቀሳል። ያቺ ሐኪም እየተሠራ ያለ መንገድ ነው ያሳየችሽ፣ የተሠራ አይደለም። ይሄን የሚያነብ ሰው የለም፤ እኔም አላነበውም። አንቺ አልታረድሽም ልጄ።"

"እና ምን ላድርግ?"

"ስጫትና ታውጣው። በጉን ፍቺው፣ ውኃ ጠምቶታል።"

ብዙ ዓመት ማልቀስን እንደ ሥራ ፈትነት የምቆጥር ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን በጉን ስፈታው አለቀስኩ፤ ገመዱ አልፈታ ስላለኝ ነው ብዬ ለራሴ አመካኘሁ።

ሰኞ ከሰአዳ ጋር ሄድን። ከሁሉ አስቀድሜ ለሐኪሟ ስለ እናቴ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አንስታ ጻፈች፤ አልወቀሰችኝም። የሚወረስ ሊሆን ስለሚችል ሰአዳም እንድትመረመር አለች። ሰአዳ ዛሬ በየጊዜው ክትትል ታደርጋለች፤ እስካሁን አፊያ ናት።

ኦፕራሲዮኑ ረጅም ነበር። ስነቃ ሐኪሟ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች። የሚታየውን ሁሉ እንዳወጡ ነገረችኝ፤ ቀጥላ "ሞራውን ወደ ላብራቶሪ ልከነዋል፤ የሚያየው ባለሙያ በማይክሮስኮፕ አይቶ የደረሰበትን ይጽፍልናል" አለች። ሳቄ መጣ። ስፌቱ እየወጋኝ ሳቅሁ፤ የማደንዘዣው ነው ብላ አሰበች መሰለኝ። ለአባቴ ደውዬ እዚህም ሞራ ገላጭ አለ አልኳቸው። ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። ገና እያየ ነው፣ ሳምንት ይፈጅበታል አልኳቸው። "ካልቸኮለ ጥሩ ሰው ነው" አሉ።

ከዚያ አዲሱ መድኃኒት ቀጠለ፤ ሰውነቴን አድቅቆት ነበር፤ ሆዴ ግን ተመልሶ አልነፋም። ድኛለሁ አልላችሁም። ሐኪሟም አትለኝም። በየሦስት ወሩ ፊልሜን ይዤ ጣርማ በርን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። በየመውረዱ ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ ዛሬም እዚህ ነኝ እላለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ሐኪሟ በሽታው ሰፈሩን አባብሎ ወደ ራሱ ያዞረዋል ስትለኝ የሆዴን ብቻ ነበር የነገረችኝ። እናቴን ሳስብ ግን ሰፈሩ እኛ ነበርን። ውኃ ነው ያልነው፣ የሰው ዓይን ነው ያልነው፣ ታርዶ የታየ ሞራ ያመንነው፣ ከፍራቻ ዝም ያልነው ሁላችን ዙሪያዋን ተቀምጠን በሽታውን ከሐኪም ሸሸግንለት። የምንወዳት ሰዎች ነን ያንን ያደረግነው። እኔም ወፈርኩ እያልኩ ስቀልድ ለራሴ በሽታ አጥር እያጠርኩለት ነበር። ሆዷ የሚነፋ፣ ጥቂት በልታ ጠገብኩ የምትል ሴት ቤታችሁ ካለች ዙሪያዋን የተቀመጣችሁት እናንተ ማን እንደሆናችሁ እባካችሁ አንድ ጊዜ አስቡ። እናታችሁ በምን እንደሞተችም ጠይቁ፤ የሚመልስላችሁ ሰው ገና ሳለ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል።

ባለፈው ዓመት ሸዋ ሮቢት ላይ የዓይን ሐኪሞች መጥተው ሲያክሙ አባቴን ወሰድኳቸው። ዓይናቸው ደከም ማለቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሐኪሙ ባትሪ አብርቶ አየና ሁለቱንም ዓይን ሞራ እንደሸፈነው ነገረኝ። ቃሉን ስሰማ አባቴን አየኋቸው፤ እርሳቸው ፈገግ አሉ። መቼ ጀምሮ ይሆናል ብዬ ጠየቅሁ። ከሦስት ዓመት አያንስም አለ፤ ከዚያ ወዲህ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ሌላ ማየት አይችሉም ነበር። ቆጠርኩት። ያቺ ቅዳሜ በመሐል ናት።

ሞራው ተገፈፈላቸው። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ በመጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። ብዙ አዩኝና "ከስተሻል" አሉኝ። ቤት እንደደረስን ማንጎው ሥር ተቀመጡ፤ ያ በግ ድልብ ሆኖ አጠገባቸው ያመነዥካል። ያንን ወረቀት አምጪው አሉኝ። የድሮውን ፊልም አመጣሁላቸው። ተነስተው ወደ ፀሐይ ያዙት፤ አሁን ፊደሎቹ አልተገለበጡም። እያንዳንዱን መስመር በዓይናቸው ሲከተሉ አያቸዋለሁ። ጣታቸው ነጠብጣቦቹ ላይ አንድ በአንድ ቆመ። ቀስ ብለው አወረዱትና ሳያጥፉት ሰጡኝ።

"ያን ቀን ይሄን አይቼው ቢሆን" አሉ፣ "ሂጂ አልልሽም ነበር።"